ጠጁን የሚያፈላው ማን ነው? ከጅማ ጓዳ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

ዛሬ ሄርማታ ገበያ ወርጄ 6 ኪሎ ማር ገዛሁ። የጌራ ማር ነው አለችኝ ሻጯ። ያልተጣራ ነው፣ ሰፈፉም አልፎ አልፎ የንብ ክንፉም ውስጡ አለ። ለጠጅ የምፈልገው እንደዚህ ያለውን ነው። ጌሾም ገዛሁ፣ ቅጠሉን ሳይሆን እንጨቱን።

ለምን እንደተነሳሁ ከአሁኑ ልጻፈው። ለፋሲካ እማዬ ጠጅ ስትጥል አጠገቧ ቆሜ ነበር። ብርዙን በጠበጠች፣ ሦስት ቀን አስቀመጠችው፣ ከዚያ ከብርዙ ጥቂት ቀድታ ጌሾውን በእሱ ቀቀለችው። ሲበርድ መልሳ ጨመረችው። በሳምንቱ ጠጁ ይንተከተክ ጀመር። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው የኖርኩት ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰው ሁሉ "የሚያፈላው ጌሾው ነው" ይላል። እርሾ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ያልቅለታል። ጌሾው ከተቀቀለ ታዲያ ጠጁን ያፈላው እርሾ ከየት መጣ? እማዬ የዳቦ እርሾ በጠጅ አጠገብ አታስደርስም።

ጠየቅኳት። "እጅ ነው ልጄ" አለችኝ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ትናንት ልደታን ከጎረቤት ጋር አከበርን፣ ዛሬ ሥራ ጀመርኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 1 ኪሎ ማር በ3 ሊትር ውሃ። ውሃው ፈልቶ የበረደ ነው። ማሩን ግን አላፈላሁትም፣ ምክንያቱም ማሩ ራሱ ውስጥ የሚኖር እርሾ አለ፣ እሱም የሚያደርገውን ማየት እፈልጋለሁ። እንደዚህ አራት ጊዜ በጠበጥኩ።

አንደኛው ባልዲ ብርዝ ብቻ ነው፣ ጌሾ የለውም። ሁለተኛው ጥሬ ጌሾ አለው። ሦስተኛው በደንብ የተቀቀለ ጌሾ አለው። ሦስቱም ባልዲዎች አዲስ ፕላስቲክ ናቸው፣ ከነክዳናቸው በፈላ ውሃ ታጥበዋል። አራተኛው እንደ ሦስተኛው የተቀቀለ ጌሾ ነው ያለው፣ ግን የገባው በእማዬ ገንቦ ነው። ይህ ገንቦ ከአያቴ የመጣ ነው። ስንት ዓመት ጠጅ እንደተጣለበት እማዬም አታውቀውም። እንደ ልማዷ በግራዋ ቅጠል ፈትጋ አጠበችው፣ ከዚያ በወይራ አጠነችው። ጭሱ ውስጥ ገብቶ አፉን ከድና ስታቆየው ሳይ፣ ከዚህ በኋላ ምን ነፍስ ይተርፋል ብዬ ነበር።

ከነዚህ ጎን ወይንም አለ። ከፍራፍሬ ቤት 2 ኪሎ ጥቁር ወይን ገዝቼ ሳላጥብ በእጄ ጨፈለቅኩትና ከነልጣጩ በመስታወት ማሰሮ ውስጥ አደረግኩት። ጌሾ የለም፣ ስኳር የለም፣ እርሾም የለም። ወይን የሚጥሉ ሰዎች ለሺህ ዓመታት እንዲሁ ነው ሲያደርጉ የኖሩት። ከጠጁ ጋር ጎን ለጎን ልከታተለው ነው።

ሃይድሮሜትር የሚባለው የፈሳሽ ክብደት መለኪያ የለኝም። በሚዛን ነው የምሠራው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ላይ በማርከር ምልክት አደረግኩ። እስከ ምልክቱ ውሃ ስሞላው፣ የጠርሙሱን ክብደት ቀንሼ፣ ልክ 1,000 ግራም ነው። ብርዙን ስሞላበት 1,082 ግራም መጣ። ማለትም ከውሃ በ82 ግራም ይከብዳል፣ ይህን ጭማሪ ያመጣው ማሩ ውስጥ ያለው ስኳር ነው። እርሾው ስኳሩን ሲበላና አልኮል ሲያወጣ ይህ ቁጥር ይወርዳል። የወረደውን ግራም በ0.131 ሳባዛ የአልኮሉን መቶኛ በግምት አገኛለሁ። ከመመዘኑ በፊት ብቻ ጋዙ እንዲወጣ በደንብ ማማሰል ያስፈልጋል፤ አረፋ ያለበት ጠጅ ሚዛኑን ያታልላል።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ጠዋት ጆሮዬን ገንቦው አፍ ላይ አስጠጋሁ። ሽ... ይላል። ቀጭን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ሁለት ቀን ብቻ! ሦስቱ ባልዲዎች ጭጭ ብለዋል። ሁለተኛው ዳር ዳሩን ጥቂት ነጭ ነጠብጣብ አለው፣ የማሩ ሰፈፍ ይሁን አረፋ ገና አልለየሁም።

ወይኑ ግን ልጣጩን ወደ ላይ ገፍቶ እንደ ክዳን አድርጎታል። በማንኪያ ስጫነው ከሥሩ ሮዝ አረፋ ወጣ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ወይኑን ከፍቼ ሳሸተው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተኝ። እህቴም መጥታ "አሴቶን ደፋህ እንዴ?" አለችኝ። ደንግጬ ልደፋው ነበር፣ ግን ስለዚህ ሽታ ያነበብኩት ትዝ አለኝና ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይን ልጣጭ ላይ በብዛት የሚገኘው እርሾ ወይን ጠጅን የሚጨርሰው እርሾ አይደለም። ወይኑን የሚጨርሰው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ ይባላል፣ የዳቦውም እርሾ እሱ ነው። ጤነኛ የወይን ፍሬ ላይ ግን እሱን ማግኘት ከባድ ነው፣ በጣም ጥቂት ነው። የቆሰለ፣ ወፍ የነካው፣ ተርብ የበሳው ፍሬ ላይ ይሻላል። ልጣጩ ላይ ሞልቶ የሚገኘው ሃንሴኒያስፖራ የሚባለው ነው። መጀመሪያ የሚነሳውም እሱ ነው። ሲሠራ ኤቲል አሴቴት የሚባል ነገር ያወጣል፣ ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። ትንሽ ከሆነ ፍሬ ፍሬ ይሸታል፣ ሲበዛ ያስጠላል።

ተርብ ካነሳሁ አይቀር፣ በጣም የወደድኩት ነገር አለ። ጣሊያን ውስጥ የወይኑ ወቅት አልፎ ክረምቱ ሲገባ እርሾው የት ይደበቃል ለሚለው መልሱ አንዱ የተርብ ሆድ ነው። በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣ ጥናት ነው ያሳየው። ተርቧ ክረምቱን እርሾውን በአንጀቷ ይዛ ታሳልፋለች፣ ለልጆቿም ታጎርሳለች፣ በዓመቱ ወይኑ ሲበስል እየበሳች ትመልሰዋለች። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ማሩ ውስጥ ያለውን የንብ ክንፍ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። በጠዋቱ ከወይኑና ከገንቦው በትንንሽ ጠርሙስ ይዤለት ሄድኩ። መስታወቷ ላይ አንድ ጠብታ አደረገ፣ ከደናት፣ በማይክሮስኮፕ 400 ጊዜ አጉልቶ "ና እይ" አለኝ።

መጀመሪያ የወይኑን አየሁ። ሎሚ! ትንንሽ ሎሚዎች፣ በሁለቱም ጫፍ ሾል ያሉ። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ቡቃያ አብጦ ይታያል፣ ልጅ እየወለዱ ነው። ሃንሴኒያስፖራ የሚራባው በሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ስለሆነ ነው ሎሚ የሚመስለው። በመጽሐፍ ማንበብና በዓይን ማየት አይገናኝም። እስኪበቃኝ አየሁ፣ ጓደኛዬ ወረፋ የያዘ ተማሪ አለ ብሎ ነው ያስነሳኝ።

የገንቦውን ሲያደርግልኝ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ክብና እንቁላል የሚመስሉ፣ ከሎሚዎቹ ተለቅ የሚሉ፣ ብዙዎቹ አንድ ልጅ ትከሻቸው ላይ ያዘሉ። ሎሚ ፈልጌ አጣሁ፣ ምናልባት አንድ ሁለት። በመካከላቸው ቀጫጭን ዘንጎች ይርመሰመሳሉ፣ ባክቴሪያ ናቸው። ጠጅ ላይ ምርምር የሠሩ ሰዎች ከእርሾው ጎን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ በብዛት አግኝተዋል፣ የጠጁን ቅምጥጥ ያለ ጣዕም የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ጓደኛዬ "በቅርጽ ብቻ ስሙን አልምልልህም፣ ግን ሳካሮማይሲስ ይመስላል" አለኝ። እኔም በዚያው ልክ ነው የምጽፈው።

ወይኑ በአራተኛ ቀኑ ገና በሎሚዎቹ እጅ ነው። ገንቦው ግን በአራተኛ ቀኑ ወደ ጨራሹ እርሾ ገብቷል። ይህን እርሾ አስቀድሞ ያስገባው አለ ማለት ነው።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ሚዛን። ጌሾ የሌለው 82፣ ምንም አልነቃነቀውም። ጥሬ ጌሾ 76። የተቀቀለ ጌሾ በባልዲ 82። የተቀቀለ ጌሾ በገንቦ 61።

ሦስተኛውና አራተኛው ማራቸው አንድ፣ ውሃቸው አንድ፣ ጌሾአቸው ከአንድ ድስት የወጣ ነው። አንዱ አልጀመረም፣ አንዱ ሩቡን በልቷል። እማዬን ጠርቼ ቁጥሩን አሳየኋት። "ገንቦዬ እኮ ነው" አለች፣ ምንም አልደነቃትም።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው ባልዲ ተነሳ። ቅዳሜ ድረስ የሞተ የሚመስለው ዛሬ ጠዋት ክዳኑን ወደ ላይ ነፍቶታል። ደስ ሊለኝ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ለአራቱም የተጠቀምኩት ያንኑ አንድ ሃይላንድ ነው። ገንቦውን መዝኜ፣ በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ፣ ሦስተኛውን ቀዳሁበት፣ ከዚያ መልሼ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩት። አንደኛውንና ሁለተኛውን ከገንቦው በፊት ነበር የመዘንኩት፣ እነሱ ተርፈዋል።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ንጽጽሩ ተበላሸ። ሦስተኛው ከዛሬ ጀምሮ "የተነካካው" ነው ስሙ።

ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ይህ ስህተት ራሱ መልስ አለው። ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የቀረው ጥቂት ጠብታ ነው። ያ ጠብታ ሳምንት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ 3 ሊትር ተኩል ብርዝ በሦስት ቀን አስነሳ። እርሾ ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚሄደው እንደዚህ ነው። የወይን ፋብሪካዎችም ውስጥ ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚጨመር እርሾ ባይኖር እንኳ በርሜሉ፣ ቧንቧው፣ መጭመቂያው፣ ግድግዳው ላይ ከዓመት ዓመት የተቀመጠ ሳካሮማይሲስ አለ፣ ከማሳው ከሚመጣው ይልቅ መጨረሻ ላይ የሚነግሠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። "የዱር እርሾ" ሲባል የምናስበው ዱሩን ነው፣ ግማሹ ግን የቤት ነው።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

አዲስ ሦስተኛ አዘጋጀሁ። 1 ኪሎ ማር፣ 3 ሊትር ውሃ፣ የተቀቀለ ጌሾ፣ አዲስ ባልዲ፣ የፈላ ውሃ። ለእያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ሃይላንድ፣ የየራሱ ማማሰያ። እጄንም በሳሙና እስከ ክርኔ ታጥቤያለሁ። ባልዲውን ከጓዳ አውጥቼ መኝታ ቤቴ አስቀመጥኩት፣ ገንቦው ካለበት እንዲርቅ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ የጅማ ዝናብ እንደ ልማዱ ወረደ፣ ቤቱ ቀዘቀዘ። ሚዛን፦ ጌሾ የሌለው 80፣ ጥሬ ጌሾ 58፣ የተነካካው 64፣ ገንቦው 38። አዲሱ 82።

ወይኑን እንደገና ወሰድኩት። ሎሚዎቹ የሉም ማለት ይቻላል! ያሉትም የተጨማደዱ ናቸው። ቦታውን እንቁላሎቹ ይዘውታል። በአሥር ቀን ውስጥ መንግሥት ተለውጧል። ሳካሮማይሲስ አየር እያለ እንኳ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፣ ያ አልኮል ለሌላው መርዝ ነው። ሃንሴኒያስፖራ አልኮሉ ወደ 5 በመቶ ሲጠጋ ይደክማል፣ ሳካሮማይሲስ ግን ከዚያ እጥፍ በላይ ይችላል። ሲጀመር ከሺህ አንድ ቢሆን ችግር የለውም፣ መጠጡን እያሰከረ ጎረቤቱን ያስወጣል። የጥፍር ቀለሙ ሽታም ቀንሷል፣ ጋዙ ሲወጣ ይዞት የሄደ ይመስለኛል።

ለዚህ ነው የተመረተ እርሾ ገበያውን የያዘው። በ1883 እንደ ፈረንጆቹ፣ ዴንማርክ ካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት የእርሾ ሕዋስ ተነስቶ ንጹሕ እርሾ አበዛ። ከዚያ በፊት ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፓስተር መፍላት የሕያዋን ሥራ መሆኑን አሳይቶ ነበር፣ ሃንሰን ግን አንዱን ለይቶ አወጣው። ወይን ሠሪዎችም ተከተሉ። ሎሚዎቹ ጊዜ ሳያገኙ ጨራሹን በብዛት ማስገባት ማለት ነው። መጠጡ አይበላሽም፣ ያስተማምናል። ግን ዛሬም እርሾ ሳይጨምሩ የሚጥሉ አሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለወይኑ የሚጨምሩት ጣዕም አለ ብለው። የኔን ወይን ከቀመስኩ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ይገቡኛል።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ጌሾ የሌለው 71፣ ጥሬ ጌሾ 39፣ የተነካካው 43፣ ገንቦው 21። አዲሱ፣ በአሥረኛ ቀኑ፣ 81።

ጌሾ የሌለው ባልዲ ጀምሯል፣ ግን ሽታው አላማረኝም፣ ኮምጠጥ ይላል። ላዩ ላይ ስስ ነጭ ቆዳ ይዟል። ከማሩ የመጡ እርሾዎች ስኳር የለመዱ ናቸው፣ ማር ውስጥ መኖር የሚችል ፍጥረት ጥቂት ነውና፤ ፈጣን ግን አይደሉም። እነሱ ሲዘገዩ ባክቴሪያው ቀደመ። ጌሾ ምን እንደሚሠራ እዚህ ላይ ነው የገባኝ። መራራው ነገር፣ ሆፕስ እንደሚባለው ቢራ ውስጥ የሚገባ መራራ ተክል፣ አንዳንድ ባክቴሪያን ይገታል፣ ለእርሾው ጊዜ ይገዛለታል። ስለዚህ "ጌሾ ያፈላል" የሚሉት ሰዎች ነገሩን ሙሉ በሙሉ አልሳቱም። ጥሬ ከሆነ ደግሞ በላዩ ያለውን እርሾም ይዞ ይመጣል፣ ሁለተኛው ባልዲ ያን ነው ያሳየኝ።

አዲሱ ሦስተኛ የተበላሸ እንቁላል ትንሽ ይሸታል። ማር ውስጥ ስኳር እንጂ እርሾ እንዲያድግ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን የለም ማለት ይቻላል። እርሾ ሲራብ ይህን ሽታ ያወጣል። በደንብ አማሰልኩት።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ሚዛን። ገንቦው 9። ከ82 ሲቀነስ 73፣ በ0.131 ሲባዛ 9.6 በመቶ አካባቢ። ጥሬ ጌሾ 15፣ የተነካካው 14። አዲሱ ሦስተኛ በ24 ቀኑ 60 ላይ ነው፣ ይሄዳል ግን ይጎተታል። ጌሾ የሌለው 55፣ ኮምጣጤ ልንለው ምንም አልቀረውም፣ ለሰላጣ ይሆናል ብላ እህቴ ወሰደችው።

ለቅምሻ እማዬን፣ እህቴንና አንዲት ጎረቤታችንን ጠራሁ። የትኛው የት እንደነበረ ሳልነግራቸው በሦስት ብርሌ ቀዳሁ። ጥሬው ጌሾ ጥሩ ነው፣ ግን መራራነቱ ይቀድማል፣ ከኋላው ሳር ሳር ይላል። የተነካካው ንጹሕና ቀለል ያለ ነው። የገንቦውን እማዬ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጋ ብርሌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው፣ ቢጫው ውስጥ ቀጫጭን አረፋ ይወጣ ነበር። "ይሄ የእናቴ ነው" አለች። ጎረቤታችን ደግሞ "ዳዲ እንዲህ ነው እንጂ!" ብላ በኦሮምኛ ስሙ አወደሰችው።

ከዚያ ነው ያወራነው። እማዬ ይህን ገንቦ ለማንም አታውስም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። "ሰው ወስዶ በኦሞ ያጥብብኛል" አለችኝ ዛሬ። አምቡላውንም ሁሉንም አትደፋም፣ ከሥሩ ትንሽ ታስቀራለች። ግራዋው ላዩን ያጸዳል፣ ጭሱ ሽታውን ያሳምራል፣ የሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የገባው እርሾ ግን ይተርፋል ብዬ ነው የማምነው። አያቴ እርሾ የሚባል ፍጥረት በማይክሮስኮፕ አይታ አታውቅም፣ ግን ጠብቃ አውርሳዋለች። እማዬ "እጅ ነው" ስትለኝ ካየሁት ጋር የሚጣላ ነገር አልተናገረችም፤ እጇ የሚያደርገው ይህን ነው።

አንድ ቀዳዳ ግን አለብኝ፣ ጓደኛዬም ወዲያው ነው ያነሳው። ሸክላና ፕላስቲክ አንድ አይደሉም። ገንቦው ሙቀት ይይዛል፣ የኛ ቤት ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። የቀደመው በእርሾው ሳይሆን በሙቀቱ ቢሆንስ? የተነካካው ባልዲ ፕላስቲክ ሆኖ መነሳቱ ወደ እርሾው ያደላል፣ ግን አንድ ጊዜ በስህተት የሆነ ነገር አይበቃኝም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሄርማታ ገበያ ከሸክላ ሻጮቹ አዲስ ገንቦ ገዛሁ፣ ልክ የእማዬን የሚያህል። ጠጅ ነክቶት አያውቅም። 2 ኪሎ ማርም አብሬ ይዣለሁ። ሁለቱ ገንቦዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ አንድ ዓይነት ብርዝ፣ ከአንድ ድስት የተቀቀለ ጌሾ። እማዬ አሁን አዲሱን በወይራ እያጠነችው ነው። ሁለቱንም በአንድ እጅ እንዳታጥብ ለምኛት ጓንት አድርጋለች።